የሦስት ነገሥታት ባል

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ሕንድ የተመታ አንድ የወርቅ ሳንቲም አለ። በአንድ ገጹ አንበሳ የሚመስል አውሬ ይታያል፤ በሌላው ገጹ በካንናዳ ፊደል ጥቂት ቃላት ተጽፈዋል። ሳንቲሙን ያስመታው የሆይሳላው ንጉሥ ቪሽኑቫርዳና ነው። ስሙን ግን ሳንቲሙ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ያለው «ሽሪ ታላካዱ ጎንዳ» የሚል ነው፤ «ክቡር፣ ታላካድን የያዘ» እንደ ማለት። ታላካድ በካቬሪ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ስትሆን፣ ንጉሡ በ1116 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቾላ ነገሥታት እጅ ነጥቋታል። ኖላምባቫዲ የሚባለውን አውራጃ ሲይዝ ደግሞ ሌላ ሳንቲም ወጣ፦ «ኖላምባቫዲን የያዘ»።

ይሄን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ስሙን ምን አደረገው?

በካርናታካ ግዛት፣ ማይሱሩ ከተማ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። የሄድኩት ስታቲስቲክስ ለመማር ነው እንጂ ለታሪክ አልነበረም። የሀገሩ ቋንቋ ካንናዳ ይባላል። ከካናዳ ጋር አታምታቱት። አክስቴ አንድ ዓመት ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ «ካናዳ ገብታለች» ስትል ከርማ፣ እውነቱን ያወቀች ቀን በጣም ነው ያዘነችው። ለማንኛውም ካንናዳ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ቀደምት ከሚባሉት ጽሑፎቹ አንዱ የሆነው የሃልሚዲ ድንጋይ በ450 ገደማ የተቀረጸ ነው።

ማዕረጎቹ የያዙኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቤንጃሚን ሉዊስ ራይስ የሚባል፣ በዚያው በቤንጋሉሩ የተወለደ እንግሊዛዊ በድንጋይና በመዳብ ላይ የተቀረጹ ወደ 9,000 የሚጠጉ ጽሑፎችን አሰባስቦ «ኤፒግራፊያ ካርናቲካ» በሚል ርዕስ በተከታታይ ጥራዞች አሳትሟል። ፈተና ደርሶ ማጥናት ሲያስጠላኝ እነዚያን ጥራዞች አገላብጥ ነበር። ነገሩ ያስቃል። ንጉሡ ለአንድ ቤተ መቅደስ እርሻ ሊሰጥ ነው። እርሻው የሚነገረው በመጨረሻ፣ በጥቂት መስመር ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ማዕረግ ነው፤ በማዕረግ ላይ ማዕረግ። በካንናዳ «ቢሩዱ» ይሉታል።

መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ ነበር የማነባቸው። ቆይቼ ግን እያንዳንዱ ሥርወ መንግሥት የራሱ ጣዕም እንዳለው አስተዋልኩ።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዙት ራሽትራኩታዎች ዝናብ ይወዳሉ። አንዱ ንጉሥ «ዳራቫርሻ» ነው፤ እንደ ጅረት የሚያዘንብ። ልጁ «ፕራቡታቫርሻ»፤ አብዝቶ የሚያዘንብ። ሌላው «አካላቫርሻ»፤ ያለ ወቅቱም የሚያዘንብ። ከሁሉም የታወቀው «አሞጋቫርሻ» ነው፤ ዝናቡ ከንቱ የማይቀር። መናገሻቸው ማንያኬታ በደረቁ የደካን አምባ ላይ ናት። ሰው ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ሀገር ንጉሥ ራሱን ዝናብ ብሎ ሲጠራ ፉከራ ብቻ አይደለም፤ ቃል መግባትም ነው።

ቃል ደግሞ ያስጠይቃል። አሞጋቫርሻ ከ814 እስከ 878 ድረስ ነግሧል። በ871 በተጻፈ የመዳብ ሰሌዳ ላይ እንደሚተረከው፣ በሕዝቡ ላይ መዓት በመጣ ጊዜ የግራ እጁን ጣት ቆርጦ ለማሃላክሽሚ አምላክ አቀረበ። ይሁን አይሁን እዚያ የነበረ ይፍረድ። እኔን የነካኝ ታሪኩ መነገሩ ነው። «ዝናቤ አይስትም» ብሎ የተጠራ ሰው መዓት ሲመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ስሙ ራሱ ይጠይቀዋል።

ከእነሱ በኋላ የመጡት የካልያና ቻሉክያዎች ደግሞ ትግል ይወዳሉ። «ማላ» ማለት ታጋይ ነው፤ የትግል ሜዳው ታጋይ ማለቴ ነው፣ የኛን ታጋይ አይደለም። አባትየው ሶሜሽቫራ ቀዳማዊ «የሦስቱ ዓለማት ታጋይ» ተባለ። ትልቁ ልጅ ሲነግሥ «የዓለም ብቸኛ ታጋይ» ሆነ። ታናሹ ቪክራማዲትያ ግን በ1076 ወንድሙን ከዙፋን አወረደውና «የሦስቱ ዓለማት ታጋይ» የሚለውን ስም በሌላ ቃል አድሶ ለራሱ ወሰደ። ያ ብቻ አልበቃውም፤ የዘመን አቆጣጠሩን ከራሱ ንግሥ አስጀመረ። ብቸኛ ታጋይ የተባለው ወንድም ለካ ብቻውን አልነበረም።

ወደ ቪጃያናጋራ ስንመጣ «ጋንዳ» የምትለዋ ቃል ትነግሣለች። የነዚያ ነገሥታት ዝነኛ ማዕረግ «ሙሩ ራያራ ጋንዳ» ነው። ሙሩ ሦስት፣ ራያራ የነገሥታት። ጋንዳን መዝገበ ቃላት ላይ ፈለግሁ፦ ባል። የሦስት ነገሥታት ባል? መዝገበ ቃላቱ ተሳስቷል ብዬ አከራዬን ጠየቅኋቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እኔ እንደ ልጅ ልጆቻቸው «አጂ» እላቸዋለሁ፣ አያቴ ማለት ነው።

«አጂ፣ ጋንዳ ማለት ባል አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ የሦስት ነገሥታት ባል ምን ማለት ነው?»

ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቆሙ ሳቁ። «ድሮ ጋንዳ ወንድ ማለት ነው፤ ጀግና፣ አዛዥ። የሦስት ነገሥታት አዛዥ ማለት ነው። የኔም ጋንዳ እንደዚያ ይመስለው ነበር።»

ሦስቱ ነገሥታት እነማን እንደሆኑ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ሌላውን የጋንዳ ማዕረግ ወደድኩት፦ «ባሼጌ ታፑቫ ራያራ ጋንዳ»። ቃላቸውን የሚያፈርሱ ነገሥታትን የሚቀጣ። ይህን ማዕረግ የተሸከሙት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቪጃያናጋራን ያቆሙት ወንድማማቾች፣ ሃሪሃራና ቡካ ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ከእርሻ ስጦታ እስከ ግብር ውል ድረስ በየድንጋዩ ላይ «እኔ ቃል አፍራሾችን እቀጣለሁ» ብሎ የሚጽፍ ንጉሥ ራሱ ቃሉን ቢያፈርስ ድንጋዩ ይመሰክርበታል። እነዚሁ ነገሥታት «የሂንዱ ነገሥታት ሱልጣን» የሚል ማዕረግም ነበራቸው። ከሰሜናቸው የነበሩትን ሱልጣኖች እየተዋጉ የሱልጣኖቹን ስም ለራሳቸው ወሰዱ። የጠላትን ከተማ ብቻ አይደለም የሚማረከው፤ ቃሉም ይማረካል።

የዚህ ሁሉ ፉክክር ጫፍ ደግሞ እኔ የኖርኩባት ማይሱሩ ውስጥ ነው። የወዴያር ነገሥታት ከማዕረጎቻቸው አንዱ «ቢሩዳንቴምባራ ጋንዳ» ነው። ሲተረጎም፦ ማዕረግ አለን ባዮችን የሚቀጣ። ማዕረግ የሚጠላ ማዕረግ! እዚህ ላይ በሳቅ ፈርሼ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ «እሽሽ» ተብያለሁ።

«ጋንዳ ጋንዳ ሲባል ሴቶቹስ?» ካላችሁ፣ ሴቶቹም አልተኙም። የቪሽኑቫርዳና ንግሥት ሻንታላ ከማዕረጎቿ አንዱ «ለባለጌ ጣውንቶች ያበደ ዝሆን» የሚል ነው። አዎ፣ ጣውንት። በጃይኖች ቅዱስ ከተማ በሽራቫናቤላጎላ በ1123 ያሠራችው ቤተ መቅደስ የሚጠራው በዚሁ ማዕረግ ነው፤ ሳቫቲጋንዳቫራና፣ የጣውንቶች ዝሆን። ባልየው ከተማ በያዘ ቁጥር ሳንቲም ያስመታል፤ ሚስትየዋ ቤቷ ውስጥ ያለውን ጦርነት በቤተ መቅደስ ስም አስቀመጠችው። የእሷ ማዕረግ ስለ እሷ ከየትኛውም ዜና መዋዕል በላይ የሚናገር ይመስለኛል። ብዙ ሚስት ባለበት ቤት ውስጥ ንግሥት መሆን ምን ያህል ትግል እንደሆነ ማን እንዲህ በአጭር ይነግረናል?

እስከዚህ ድረስ ማዕረግ ጨዋታ ነበር ለእኔ። የተለወጠው ቢጃፑር የሄድኩ ጊዜ ነው።

ከቢጃፑር በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐረብ ነጋዴዎች ስለ ራሽትራኩታው ንጉሥ ሰምተው ጽፈዋል። በ851 የተጻፈውና ከሱለይማን ነጋዴ ስም ጋር የሚያያዘው ዘገባ ከዓለም አራት ታላላቅ ነገሥታት አንዱ እሱ ነው ይላል፤ ሌሎቹ የዐረቦች ኸሊፋ፣ የቻይና ንጉሥና የሮም ንጉሥ ናቸው። ስሙን «በልሀራ» ይሉታል። በልሀራ ግን ስም አይደለም፤ «ቫላባ ራጃ» ከሚለው ማዕረግ የመጣ ነው። ዘገባው ራሱ በልሀራ እንደ ፋርሶች «ኪስራ» የየንጉሡ ሁሉ መጠሪያ መሆኑን ይናገራል። በዚያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበረው አሞጋቫርሻ ነው። አሞጋቫርሻም ማዕረግ ነው። የተጸውዖ ስሙ ሻርቫ እንደነበር ይነገራል፤ ግን ሻርቫ ብትሉ ማንም ማን እንደሆነ አያውቅላችሁም። ማዕረጉ ስሙን በልቶታል።

ለንጉሥ ይሄ ክብር ነው። ራሱ ፈልጎ ነው የተበላው። ለሌላው ሰውስ?

ቢጃፑር ዛሬ ቪጃያፑራ ትባላለች፤ በሰሜን ካርናታካ ናት። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1686 ድረስ የአዲል ሻሂ ሱልጣኖች መናገሻ ነበረች። የሄድኩት ስለ አንድ ሥዕል ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ያየሁት የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕል ነው፤ ሱልጣን ሙሐመድ አዲል ሻህ በዝሆን ላይ ተቀምጧል፣ ከኋላው አንድ ጥቁር ሰው አብሮት ተቀምጧል። ሰውየው የሱልጣኑ ዋና ሚኒስትር ነው። ሐበሺ ነው፤ ማለትም የእኛ ሰው። ኢኽላስ ኻን ይባላል።

ደካን ውስጥ ሐበሺ የሚባሉት በቀይ ባሕርና በዐረብ ገበያዎች በኩል እንደ ባሪያ ተሸጠው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ወታደሮች ሆኑ፤ አንዳንዶቹ ጦር አዘዙ፣ ሀገር አስተዳደሩ። የአሕመድናጋሩ ማሊክ ዐንበር ከሁሉም የታወቀው ነው። ስሞቻቸውን አንድ ላይ ስታዩ ግን አንድ ነገር ደስ አይልም። ዐንበር ሽቶ ነው። ያቁት የከበረ ድንጋይ ነው። ረይሓን ከበሶብላ ጋር የሚዛመድ ሽታው መልካም ቅጠል ነው። የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ ስም ነው የተሰጣቸው። እናት ያወጣችው ስም ገበያው ላይ ቀረ።

ኢኽላስ ኻን የተባለውም ሰው ከዚያ በፊት ማሊክ ረይሓን ነበር። ኢኽላስ ማለት ቅንነት፣ ታማኝነት ነው፤ ኻን የመኳንንት ማዕረግ ነው። ይገርማችኋል፣ ከእሱ በፊት በ1580ዎቹ በዚያው ቤተ መንግሥት ሥልጣን የያዘ ሌላ ሐበሺም ኢኽላስ ኻን ይባል ነበር። አንዱን ፈልጋችሁ ሌላውን ታገኛላችሁ። እንግዲህ ቁጠሩ፦ የመጀመሪያውን ስም ነጋዴው ወሰደው፤ በሱ ቦታ የቅጠል ስም ተሰጠ። የቅጠሉን ስም ደግሞ ሱልጣኑ በማዕረግ ለወጠው። ማዕረጉም ቢሆን የብቻው አልነበረም።

የሙሐመድ አዲል ሻህ መቃብር ጎል ጉምባዝ ነው፤ ግዙፍ ጉልላት ያለው ሕንፃ። ላይ ጉልላቱ ሥር ዙሪያውን መተላለፊያ አለ፤ የተናገራችሁትን ድምፅ ደጋግሞ ይመልስላችኋል። የትምህርት ቤት ልጆች ሞልተውት ነበር። ሁሉም የጓደኛውን ስም ይጠራል፣ ጉልላቱ ይመልሳል፣ ይስቃሉ። እኔም የዚያን ሰው ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልጥራው? ሱልጣኑ ለታማኝነቱ የሰጠውን ስም? ነጋዴው የሰጠውን? ዝም ብዬ ወረድኩ።

እኛ ሀገር «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ቢጃፑር ውስጥ ከመቃብር በላይ የዋለው ማዕረግ ነው፤ ስሙ ከታች ነው።

ከዚያ በኋላ ቤንጋሉሩ በሚገኘው የመንግሥት ሙዚየም ያለው የአታኩር ድንጋይ በጣም አናደደኝ፤ በጣምም አስደሰተኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ949 ራሽትራኩታዎችና አጋሮቻቸው ታኮላም ላይ ቾላዎችን ድል አደረጉ። የጋንጋው መስፍን ቡቱጋ አብሮት የተዋጋውን ማናሌራን «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለው። ማናሌራ መሬት አልጠየቀም፤ ማዕረግም አልጠየቀም። ካሊ የምትባለዋን የአደን ውሻ ስጠኝ አለ። ተሰጠችው። ካሊ ከአንድ የዱር እሪያ ጋር ተናንቃ ሞተች። ማናሌራም መታሰቢያ ድንጋይ አቆመላት። በድንጋዩ ላይ የነገሥታቱ ማዕረግ ሁሉ አለ፤ በመካከሉ ደግሞ የውሻዋ ስም አለ። ከ1,000 ዓመት በላይ አልፎ ካሊ፣ ካሊ ናት። የሚወዳት ሰው ስለነበራት ነው። ከእሷ 700 ዓመት በኋላ የኖረ የአንድ ታላቅ መንግሥት ሚኒስትር ግን እናቱ ምን ትለው እንደነበር አናውቅም።

የዚያው ታሪክ ሌላ ጫፍ ዛሬም አለ። በኡታራ ካንናዳ አውራጃ ጫካማ መንደሮች ውስጥ ሲዲዎች ይኖራሉ፤ የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ፣ በተለይ ከደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ የሆነ ሕንዳውያን። «ሲዲ» ከዐረብኛው «ጌታዬ» እንደመጣ ብዙዎች ይናገራሉ። እስቲ ይሄን ተመልከቱ፤ ጌታዬ የሚል ቃል፣ ለረጅም ጊዜ እንደ ዝቅተኛ የታየ ሕዝብ መጠሪያ ሆነ። ማዕረግ ወደ ላይ ብቻ አይደለም የሚሄደው። በ2020 ግን ሻንታራም ሲዲ የካርናታካ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ከሕዝቡ የመጀመሪያው። ሲዲ የሚለውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ይዞት ነው የገባው።

የነገሥታቱ ማዕረግስ የት ደረሰ? ሕንድ በ1971 በ26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለቀድሞ መሳፍንት ዕውቅና መስጠቱንና ገንዘብ መክፈሉን አቆመች። ማይሱሩ ቤተ መንግሥት እሁድ ማታ በመቶ ሺህ በሚጠጉ አምፖሎች ይበራል፤ ሰው አይስክሬም ይዞ ፎቶ ይነሳል። ማዕረጎቹ ግን ሥራ አልፈቱም፤ ሲኒማ ገብተዋል። ታላቁ ተዋናይ ራጅኩማር «ናታ ሳርቫባውማ» ነው፤ የተዋንያን ንጉሠ ነገሥት። ቪሽኑቫርዳን የሚባለው ተዋናይ የሆይሳላውን ንጉሥ ስም ይዞ «የጀብዱ አንበሳ» ተባለ። ኬጂኤፍን ያያችሁ ደግሞ «ሮኪንግ ስታር» ያሽን ታውቁታላችሁ። የፊልሙ መጀመሪያ ላይ ከስሙ በፊት ማዕረጉ ይመጣል፤ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። የድንጋዩ ጽሑፍ ማለት ይሄው ነው፣ ድምፅ ተጨመረበት እንጂ።

ሕዝቡ ግን ራጅኩማርን ሲጠራው ንጉሠ ነገሥት አይለውም። «አናቭሩ» ይለዋል፤ በእኛ «ጋሼ» እንደ ማለት፣ በአንቱታ። ይሄም ሥር አለው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካልያና የንጉሥ ቢጃላ ገንዘብ ያዥ የነበረው ባሳቫ፣ ዘርና ደረጃን የተቃወመ ባለቅኔ ነበር። ከዚያች ከተማ ታጋይ የተባሉት ነገሥታት ሁሉ ዛሬ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። ባሳቫ ግን ባሳቫና ነው፤ «አና»፣ ታላቅ ወንድም፣ ከስሙ ጋር ተጣብቆለታል። የዘመኑ ባለቅኔ ማሃዴቪ ደግሞ «አካ ማሃዴቪ» ናት፤ ታላቅ እህት። ልዩነቱ ገባችሁ? ይህ ማዕረግ ስም አይበላም። ከስሙ ጎን ይቆማል።

እኔም ማይሱሩ ውስጥ ማዕረግ ነበረኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሰፈር ውስጥ «አፍሪካ» ነበርኩ። «አፍሪካ መጣች»፣ «ለአፍሪካ አንድ ሻይ»። ክፋት የለበትም ይሉኛል፤ ምናልባት የለበትም። ግን አንድ አህጉር ሙሉ ተሸክሞ ሻይ መጠጣት ይከብዳል። በሁለተኛው ዓመት አትክልት የምትሸጠው ሴት «አካ» አለችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ክብር ነው። ቀጥላ ስሜን ጠየቀችኝ። ስሜ ውስጥ «ፀ» አለች፤ በካንናዳ የለችም። ሦስቴ ሞከረች፣ ሦስቴም ተሳሳተች፣ በአራተኛው የራሷ የሆነ አንድ ድምፅ አወጣችና ከዚያ በኋላ በዚያ ጠራችኝ። ትክክል አልነበረም። ግን እኔን ነበር የምትጠራው።

ስለዚያ በዝሆኑ ላይ ስለተቀመጠው ሰው ማስታወሻ ስይዝ አሁን «ኢኽላስ ኻን» ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ ትንሽ ባዶ ቦታ እተዋለሁ፤ ከዚያ «ኢኽላስ ኻን የተባለው» ብዬ እቀጥላለሁ። ባዶው ቦታ እናቱ ያወጣችለት ስም ነው።